እናቴ ትልቁን ክኒን መዋጥ አቃታት፤ የሚታኘከው ይሻላል?

መጀመሪያ የለጠፍኩት ይህን ነበር።

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሐኪሟ ለአጥንቷ ብሎ ካልሲየም አዞላታል። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ፍሬ ነው። ክኒኑ ትልቅ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ጠርዙም ሻካራ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ትንፋሿ አልተዘጋም። ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ጨብጣ፣ በሌላው ደረቷን ስትደቃ ሳያት የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ደጋግማ ውሃ ጠጥታ በመጨረሻ ወረደላት። ሆኖም ክኒኑ አሁንም እዚያው ያለ እየመሰላት እስከ ማታ ጉሮሮዋን ስትነካካ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ክኒኑን ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል። ወስደሻል ወይ ስላት ወስጃለሁ ትለኛለች። ትናንት አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር በሶፍት የተጠቀለሉ አምስት ክኒኖች አገኘሁ። አልተቆጣኋትም። አፍራ ነው የደበቀችው።

እኔ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። ቫይታሚንም ይሁን ማዕድን፣ የሚታኘክ ዓይነት እስካለ ድረስ ሰው በትልቅ ክኒን ለምን ይሰቃያል? የሚታኘከውን ገዝቼ ልገላግላት ነው። የማላውቀው ነገር ካለ ግን ንገሩኝ።

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ 33 ምላሽ ተጻፈ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይከብደዋል። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ልተርከው። የመሰለኝንም በመሃል እላለሁ።

ምላሽ 1 የመጣው እንደ እናቴ መዋጥ ከሚከብዳት ሴት ነው። መጀመሪያ ለእናቴ ጤና ተመኘች። ከዚያ የራሷን አወራች። ለዓመታት አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዱን ክኒን ሦስት አራት ጊዜ ትሞክር ነበር። ወደሚታኘከው ከዞረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንድም ቀን አልዘለለችም። ሳጥን ውስጥ ከሚቀመጥ ጥሩ ክኒን አፍ ውስጥ የሚገባው ይሻላል ባይ ናት። ምላሽ 2 በዚህ እስማማለሁ ብሎ አለፈ።

የምላሽ 3 ድምፅ ሌላ ነበር። ሰውየው ችግሩ ጉሮሮ ላይ ሳይሆን ጭንቅላት ላይ ነው ብሎ ጀመረ። ትልቅ ቁራሽ ምግብ የሚውጥ ሰው ክኒን አቃተኝ ማለቱ ራስን ማሞላቀቅ ነው አለ። ብዙ ውሃ ይጠጡበትና ይልመዱት፤ በቃ። ነገሩ ስለ እናቴ ስለሆነ ደሜ ፈላ። መልስ ጽፌ ሳልልከው አጠፋሁት።

ማጥፋቴ ጥሩ ሆነ። ምላሽ 4 ከእኔ በተሻለ መለሰችለት። ጸሐፊዋ አረጋውያንን የምትንከባከብ ነርስ ናት። ምግብና ክኒን አንድ አይደሉም አለች። ምግብ ታኝኮ፣ በምራቅ ርሶ፣ ልስልስ ብሎ ነው የሚወርደው። ክኒን እንደ ደረቀ ነው የሚወርደው። ዕድሜ ሲገፋ ለመዋጥ የሚያገለግሉት ጡንቻዎች ይደክማሉ። ብዙ መድኃኒቶችም አፍ ያደርቃሉ። ስትሮክ ወይም ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል።

ከዚያ አንድ ጥናት ጠቀሰች። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባል የሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። በአሜሪካ ከሚገኙ 63 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የተሰበሰበ የአሥር ዓመት መረጃ ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በቫይታሚን፣ በማዕድንና በመሳሰሉት ማሟያዎች ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ከሄዱባቸው ጊዜያት 37.6 በመቶው ክኒን ስላነቃቸው ወይም ጉሮሯቸው ላይ ስለቀረ ነው። ከእነዚህም ውስጥ በ54.1 በመቶው ክኒኑ ካልሲየም ነበር። ፈልጌ አየሁት፤ እንዳለችው ነው። ለእናቴም አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና እኔ ብቻ አይደለሁማ አለች።

ምላሽ 5 ላይ 3 ቁጥር ተመልሶ መጣ። ስለታመመ ሰው አላወራሁም፣ ጤነኛ ሆነው ስለሚያማርሩት ነው አለ። ትንሽ ለዘብ ብሏል። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ምላሽ 6 ለእኔ የክሩ እምብርት ነው። የጻፈው ፋርማሲስት ነው። ማኘክና መዋጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ክኒኑ ለምን እንዲህ ገዘፈ ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ እኔ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ካልሲየም ለብቻው አይታሸግም አለ። ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው የሚመጣው። ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከካርቦኔት ክብደት ውስጥ ካልሲየሙ 40 በመቶ ብቻ ነው። 500 ሚሊግራም ካልሲየም የሚሰጥ ክኒን ለመሥራት 1250 ሚሊግራም ካርቦኔት መጠቅጠቅ ግድ ነው። ሌላው ዓይነት ካልሲየም ሲትሬት ነው። በሱ ውስጥ ደግሞ የካልሲየሙ ድርሻ 21 በመቶ ነው። ያው 500 ሚሊግራም 2400 ሚሊግራም ገደማ ሲትሬት ይፈልጋል። አንድ ክኒን ላይ ስለማይችሉት ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፍሉታል። በዚያ ላይ ዱቄቱን የሚያያይዘው ነገር ይጨመራል።

ከዚያ ቫይታሚኖችን አነጻጸረ። 1000 ዩኒት የሚባለው ቫይታሚን ዲ 25 ማይክሮግራም ነው። ቫይታሚን ቢ12 ለአዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው። እነዚህ የአሸዋ ቅንጣት እንኳን የማያክሉ መጠኖች ናቸው። ትንሽ ክኒን ውስጥም ይገባሉ፣ ጠብታም ይሆናሉ፣ ከረሜላ ውስጥም ይደበቃሉ። ክኒኑን የሚያገዝፉት ማዕድናቱ ናቸው፤ በተለይ ካልሲየምና ማግኒዚየም። ስለዚህ አንድ ለስላሳ ከረሜላ መሰል ነገር ሁሉንም ቫይታሚንና ሁሉንም ማዕድን በበቂ መጠን ይዟል ከተባለ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ማየት ነው። ክብደቱ ራሱ አይፈቅድለትም።

አንድ ነገርም ጨመረ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የጄነሪክ መድኃኒት (ከመጀመሪያው አምራች ውጪ ሌሎች የሚሠሩት ተመሳሳይ መድኃኒት) ክኒን በረጅሙ ጎኑ ከ22 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመከራል። ያ ምክር ግን የተጻፈው ለመድኃኒት ነው፤ ለማሟያ አይደለም። የእናቴን ክኒን በማስመሪያ ለካሁት። 22 ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ምላሽ 7 አንድ ትልቅ ከመዋጥ ሁለት ትንንሽ መውሰድ አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 8 ላይ ፋርማሲስቱ ይቻላል፣ እንዲያውም ይመረጣል አለ። ሰውነት ካልሲየምን በደንብ የሚቀበለው በአንድ ጊዜ 500 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ሲሰጠው ነው። ከፋፍሎ መውሰድ የሚያጎድለው ነገር የለም።

ምላሽ 9 የማስጠንቀቂያ ታሪክ ይዞ መጣ። አባቱ ለደም ግፊት ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ይወስዱ ነበር። መዋጥ ሲያቅታቸው ልጅየው ለመርዳት ብሎ ፈጭቶ በማንኪያ ሰጣቸው። የቀኑ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። ከአልጋ ሲነሱ አዙሯቸው ወደቁ። ደግነቱ አጥንታቸው አልተሰበረም። ታሪኩን የጻፈው ራሱን እየወቀሰ ነበር። ከሥሩ ብዙ ሰዎች አጽናኑት።

ምላሽ 10 ሐሳቡን አሰፋው። ቀስ ብለው እንዲለቁ የተሠሩ ክኒኖች አይፈጩም፣ አይታኘኩም። ጨጓራ ውስጥ ሳይሟሙ አንጀት እንዲደርሱ ልዩ ልባስ የተደረገላቸውም እንዲሁ ናቸው። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠውን አሌንድሮኔትንም አነሳ። የሚዋጠው አሌንድሮኔት ፈጽሞ አይታኘክም። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይጋደሙ መቆየት ነው። የምግብ ቧንቧ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ማሟያና መድኃኒት ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሰው አንዱን ማኘክ ከለመደ ሌላውንም ያኝካል፤ አደጋው እዚያ ጋ ነው አለ። ይህን ከእናቴ የመድኃኒት ሳጥን ክዳን ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፦ ሳትጠይቂኝ አታኝኪ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ጋለ።

ምላሽ 11 ለስላሳዎቹን፣ ጄሊ ከረሜላ የሚመስሉትን፣ አጥብቃ የምትወድ ሴት ናት። ጣፋጭ ናቸው፣ ውሃ አይፈልጉም፣ ጠዋት ጠዋት እንድነሳ ያደርጉኛል ብላ ጻፈች። ምላሽ 12 ግን በሐዘን ነው የጻፈችው። ነፍሰ ጡር ሳለች ክኒን ስለሚያስመልሳት ለስላሳውን መረጠች። ለእርጉዝ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም ነገር ያለው መሰላት። በኋላ ስትመረመር ደሟ ወርዷል። ማሸጊያውን ገልብጣ ስታየው ለደም የሚያስፈልገው አይረን የሚባል ማዕድን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን እና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። ፎሊኩ ነበረበት። አይረኑ አልነበረበትም።

ምላሽ 13 ጠንከር ብሎ መጣባት። ማሸጊያ ሳያነቡ መግዛትና ከዚያ ማልቀስ ምን ይባላል የሚል መንፈስ ነበረው። እሱ ያለው ነገር እውነት አለው፤ ማንበብ ይገባ ነበር። አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም። እያስመለሳት፣ ለራሷም ለልጇም እየሰጋች የገዛች ሴት ናት። ምላሽ 14 እና 15 ይህንኑ ነገሩት፤ አንዱ በጨዋ ደንብ፣ ሌላው ስድብ ቀላቅሎ። ስድብ ያለበት ምላሽ በማግስቱ ተነሳ።

ምላሽ 16 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ለስላሳዎቹ ውስጥ አይረን ለምን አይገባም ለሚለው ሁለት ምክንያት ሰጠ። አንደኛ፣ አይረን ብረት ብረት ይላል፤ ያንን ጣዕም በስኳር መሸፈን ከባድ ነው። ሁለተኛው ልጆች ናቸው። ከረሜላ የሚመስል ነገር ልጅ አንድ ብቻ በልቶ አያቆምም። ብዙ አይረን ደግሞ ትንሽ ልጅን ይገድላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 አይረን ያለባቸው ምርቶች ላይ ይህን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያስገደደችው ሕፃናት ሞተው ነው። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል እንጂ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወጣም።

ምላሽ 17 የአንድ አባት ነው። ልጁ ቫይታሚኑን እንዲወስድለት ከረሜላ ነው እያለ ይሰጠው ነበር። አንድ ቀን ልጁ ወንበር ላይ ወጥቶ ግማሽ ብልቃጥ ጨረሰ። ሐኪም ቤት ወስዶት ደህና ሆነ። ምርቱ አይረን አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታቸው ቫይታሚን መድኃኒት ተብሎ ነው የሚጠራው፤ የሚቀመጠውም ተቆልፎ ነው። ልጅ ያላችሁ ይህን አንድ ምላሽ ብታነቡ ይበቃል።

ምላሽ 18 ውሻዬስ ብሎ ገባ። ወሬው ከመስመር የወጣ መስሎን ነበር፤ ግን ያነሳው ትልቅ ነገር ነው። ስኳር የሌላቸው አንዳንድ የሚታኘኩ ቫይታሚኖች በዛይሊቶል ይጣፍጣሉ። ዛይሊቶል ሰውን እንደ ውሻ አይጎዳም። ውሻ ላይ ግን የደሙን ስኳር በድንገት ያወርዳል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ምላሽ 19 ስለ ራሷ ውሻ ረጅም ነገር ጻፈች። አልተርከውም፤ ውሻዋ ደህና ናት።

ምላሽ 20 የጥርስ ሐኪም ነው። ለስላሳዎቹ ጥርስ መሃል ተጣብቀው ይቆያሉ። ብዙዎቹ ከስኳሩ በተጨማሪ ሲትሪክ አሲድ አለባቸው። የሚታኘክ ቫይታሚን ሲም ራሱ አሲድ ነው። በየቀኑ ሲሆን የጥርስን የላይኛውን ጠንካራ ልባስ ያሳሳል። ምክሩ ቀላል ነው። ከታኘከ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ። ጥርስ መፋቅ ግን ወዲያው አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ። አሲድ ያለሰለሰውን ልባስ ብሩሹ ይልጠዋልና።

ምላሽ 21 ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ነው። ስለ ጣፋጩ ተጨነቀ። ምላሽ 22 ስኳር አልባውን ግዛ አለው። ምላሽ 23 ደግሞ ቆይ ቆይ ብሎ አስቆመው። ስኳር አልባዎቹ ብዙ ጊዜ ሶርቢቶል ወይም ማልቲቶል የሚባል ማጣፈጫ ነው ያለባቸው። ሲበዙ ሆድ ይነፋሉ፣ ያስቀምጣሉ። ጸሐፊው ራሱ ሳያውቅ ስድስት ሰባት ፍሬ ወስዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ አድሯል።

ምላሽ 24 የክሩ ቁጡ ሰው ነው። ለስላሳ ማሟያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ብሎ ደመደመ። ማስረጃው እ.ኤ.አ. በ2023 ጃማ በሚባል የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። እንቅልፍ እንዲያመጡ የሚወሰዱ 25 ለስላሳ የሜላቶኒን ምርቶች ሲመረመሩ በ22ቱ ውስጥ ያለው መጠን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም። አንዱ ውስጥ ጭራሽ ሜላቶኒን አልተገኘም። ምላሽ 25 በትሕትና አረመው። ጥናቱ እውነት ነው፤ ግን የተመረመረው ሜላቶኒን ነው። ከዚያ ተነስቶ ስለ ካልሲየም መፍረድ አይቻልም። የሚሻለው ገለልተኛ አካል የመረመረውን መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ የመድኃኒትና የማሟያ ጥራት መለኪያ የሚያወጣውን የዩኤስፒን ማረጋገጫ ምልክት ያለበትን። እኔም ከ25 ጋር ነኝ። ቁጡው ሰው ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ከረሜላ መምሰሉ ምርመራ አያስቀርለትም።

ምላሽ 26 ስለ አዋዋጥ ነው። በጀርመን ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አለ። ሁለት ዘዴ ነው የሞከሩት። አንደኛው ለክኒን ነው። ክኒኑን ምላስ ላይ አድርጎ፣ ለስለስ ባለ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ አፍ ላይ ከንፈርን ገጥሞ፣ አየር ሳያስገቡ ውሃውን እየሳቡ መዋጥ። ሁለተኛው ለካፕሱል ነው። ውሃ ጎንጨት ብሎ፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ። ምክንያቱን ወደድኩት። ካፕሱል ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አንገት ሲያጎነብስ ካፕሱሉ ወደ ጉሮሮ በኩል ይሄዳል። እኛ ደግሞ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ኋላ ነው የምንቀለብሰው። በጠርሙሱ ዘዴ ክኒን ከተዋጠባቸው ሙከራዎች በ59.7 በመቶው፣ በማጎንበሱ ደግሞ ካፕሱል ከተዋጠባቸው በ88.6 በመቶው አዋዋጡ ተሻሽሏል።

ምላሽ 27 ነርሷ ናት፣ 4 ቁጥር። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ለሁሉም ሰው ግን አይደለም አለች። ውሃ ሲጠጣ ትን የሚለው፣ ምግብ ደረቱ ላይ የሚቆምበት፣ ሳያስበው ክብደት የቀነሰ ሰው ችግሩ የክኒን መጠን አይደለም። ለሱ የሚታኘክ መግዛት ችግሩን መሸፈን ነው። መመርመር አለበት። ይህንን በቀጥታ ለእኔ ነው የጻፈችው። እናትሽ ውሃ ስትጠጣ ያስላታል ወይ ብላም ጠየቀችኝ። አያስላትም። ምግብም አይቆምባትም።

ምላሽ 28 ሁሉን ነገር የቀየረ ነው። ፋርማሲስቱ ተመልሶ መጣና ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። እናትሽ ሌላ ምን ትወስዳለች? ምላሽ 29 የእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ለእንቅርቷ ሌቮታይሮክሲን፣ ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ትወስዳለች ብዬ ጻፍኩ። የጠዋቱን ካልሲየምስ መቼ ነው የምትወስደው? አብራ። ሁሉንም አንድ ላይ በትንሽ ሰሃን አድርጌ የማቀርብላት እኔ ነኝ።

ምላሽ 30 ላይ ሁለት ነገር በእርጋታ አስረዳኝ። ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። አይረንም እንዲሁ ያደርጋል። በመካከላቸው ቢያንስ አራት ሰዓት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። ለዚህም ነው ከምግብ ጋር የሚወሰደው። ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ይቀንሳል። እናቴ በባዶ ሆዷ፣ አሲዷ ተቀንሶ፣ ካርቦኔት ነበር የምትወስደው። እንደሷ ላለ ሰው ሲትሬት ይመረጣል፤ በምግብም ያለ ምግብም ይሠራል። የሚታኘኩት ካልሲየሞች ደግሞ ብዙዎቹ ካርቦኔት ናቸው። እኔ ልገዛላት ያሰብኩት፣ ፎቶውን እንኳን መነሻው ጽሑፍ ላይ የለጠፍኩት፣ ካርቦኔት ነው።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላለፉት ወራት ድካም ድካም ይለኛል፣ ይበርደኛል ስትለኝ ዕድሜ ነው እላት ነበር፤ የእንቅርት መድኃኒቷ በደንብ ሳይሠራ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

ምላሽ 31 ጥፋቱ ያንቺ ነው ብሎ ጻፈ። አጭር ነው፤ ምሕረት የለውም። አልተከራከርኩትም። ያልጠበቅኩት ምላሽ 32 ነው፤ የጻፈው 3 ቁጥር ነው። ክኒኖቹን ሲሰጡት እርስ በርስ ይጣላሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስንቱ ነው አለ። ለ31 ቁጥር ነው የመለሰለት፤ ለእኔ አይደለም። ቀጥሎ የራሱን ነገር ነገረን። ትልቁን የዓሣ ዘይት ካፕሱል ሁልጊዜ በግድ ነበር የሚውጠው። ማጎንበሱን ሞክሮት በአንዴ ወርዶለታል። እናቴንም በስሟ ሳይሆን እማማ ብሎ ጠርቶ፣ አሞላቅቀዋል ላልኩት ይቅርታ ብሏል። አነበብኩላት። ሳቀች።

ምላሽ 33 የእኔ ነው። እስካሁን የመጨረሻው እሱ ነው። ሐኪሟ ጋ ሄድን። ክኒኖቿን ሁሉ በከረጢት ይዤ ነው የሄድኩት፣ በሶፍት የተጠቀለሉትን አምስቱንም ጭምር። ሐኪሙ አልተቆጣም። ውሃ አስጠጥቶ አዋዋጧን አየ፤ ጉሮሮዋንም አየ። አፏ ይደርቃል፤ ከሰሞኑም ፍርሃት ተጨምሮበታል። ሌላ አሳሳቢ ነገር አላገኘባትም። ካልሲየሙ ወደ ሲትሬት ተቀየረ፤ የሚታኘክ ዓይነት አግኝተናል። መጠኑ ለሁለት ተከፍሎ በምሳና በእራት ሰዓት ሆኗል። የእንቅርቷ መድኃኒት ጠዋት ብቻውን በውሃ ነው። ኦሜፕራዞሉ አሁንም ያስፈልጋት እንደሆነ ሊያስብበት ነው። የእንቅርት ሆርሞኗ ከስምንት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካል።

ትንሿ ሰሃን አሁን ሦስት ሆናለች፤ የጠዋት፣ የምሳ፣ የእራት። እናቴ የሚታኘከው ኖራ ኖራ ይላል ብላ ታማርራለች። ግን ታኝከዋለች፤ እያየኋት። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ እዚሁ ከ33 ቀጥሎ እጽፈዋለሁ።